በሕግ አምላክ፤ ጦር የያዘው አገርና የቤተ ሰብ ክብር

በአገራችን በኢትዮጵያ ከጥንት ዠምሮ የታወቀ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። ደካማው ሰው ብርቱውን «በሕግ አምላክ ቁም» ያለው እንደ ሆነ፥ ብርቱው ምንም ጕልበት ቢኖረው ይቆም ነበር። ያቆመውም የዘበኛ ዱላ አይደለም፤ ከእርሱ በላይ ሕግ፥ ከሕግም በላይ አምላክ መኖሩን ማወቁ ነው። ነገር ግን ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ፥ ዘበኛውም ሸሽቶ፥ አገሩን ሌላ ጦር በያዘው ጊዜ ይህ ቃል ዋጋ ይኖረዋልን? ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

«ስለ ጦር ሕግ መናገር የሹማምንትና የጦር አለቆች ሥራ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ገጽ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም በጦር ሜዳ የሚውለው ወታደር ሲሆን፥ ጦር በያዘው አገር የሚውሉት ግን እናት፥ ሕፃን፥ ሽማግሌና በሽተኛ ናቸው። በሌሊት በር ሲመታ ተነሥታ የምትከፍተው የቤቱ እመቤት ናት።

ይህን የሐይቅና የአምባሰል ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በባሕሯና በእስጢፋኖስ ገዳሟ የታወቀች ናት። አምባሰልም ግሸን ደብረ ከርቤንና ውጫሌን የያዘ አገር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በሐይቅና በውጫሌ ስለሚያልፍ፥ ከሰሜን የሚወርድም ሆነ ከደቡብ የሚወጣ ጦር በዚያው ባላገር ደጅ ያልፋል።

በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በዚያም ቀን ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። በሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ደሴ ገባ፤ ከተማይቱም እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ድረስ በእጁ ቆየች። ጠላትም አገር ለያዘ ጦር እንደሚገባው በሥርዓት በመግዛት ፈንታ ማስፈራትን ሕግ አደረገው። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም፥ በአርበኞችና ተባባሪ በተባለው ሕዝብ ላይ የማስፈራትና የማጥፋት ሥራ እንዲፈጸም ፈቀደ። በዚያው ወር በ22 ቀን የወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በጦር ፍርድ ቤት በችኮላ ተፈርዶባቸው በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን፥ ምሕረት ታገኛላችሁ ተብለው ከገቡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በግንቦትም ወር በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው የንጹሓን ደም ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከመኳንንቱም ብዙዎቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወደ ኢጣሊያ ተግዘው፥ ከፊሎቹ አሲናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ለታላላቆቹ መንግሥታት ያቀረበውን ቍጥር አንባቢ ያስተውል። በጦር ሜዳ የሞቱት 275,000 ናቸው፤ የችኮላ ፍርድ ቤቶች ፈርደው ያስገደሏቸው አርበኞች 24,000 ናቸው፤ መንደራቸው ስለ ጠፋ በችግር ያለቁት ግን 300,000 ናቸው። የጠፋውም ቤት 525,000 ነው። በዚህ ቍጥር መሠረት በጦር ሜዳ ከወደቀው ይልቅ ምድጃው ጠፍቶበት የሞተው ሕዝብ በለጠ ማለት ነው። የጦር ሕግ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

ይህም ሁሉ የተደረገው የሚከለክል ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1891 ዓ.ም. መንግሥታት በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ተሰብስበው የጦርነትን ሥርዓት ሲጽፉ ኢጣሊያም በማኅበሩ ገብታ ነበር። በዚያ ሥርዓት አገር የያዘ ጦር ጠባቂ እንጂ ባለርስት አይደለም። ፍጹም የማይቻል ካልሆነ በቀር የአገሩን ሕግ ያከብራል፤ የቤተ ሰብን ክብር፥ የሰውን ሕይወት፥ የግል ንብረትንና ሃይማኖትን ይጠብቃል፤ መዝረፍ ክልክል ነው፤ አንድ ሰው ባጠፋው ጥፋት መንደሩን ሁሉ መቅጣትም ክልክል ነው።

ይህ ሐሳብ ከአውሮፓ የመጣ ብቻ እንዳይመስለን። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማን ሊወጋ የቀረበ ሠራዊት አስቀድሞ ሰላምን እንዲያቀርብ፥ የሚበላ ፍሬ ያለውንም ዛፍ እንዳይቈርጥ ታዝዟል። ኸሊፋ አቡ በክርም ጦራቸውን ሲልኩ ሴትን፥ ሕፃንንና ሽማግሌን እንዳይገድሉ፥ በገዳም የተቀመጡትንም እንዳይነኩ ማዘዛቸው ይነገራል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት በወሎ ይህ ትምህርት ከሁለቱም ደጅ የሚሰማ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው ውል የቀድሞውን ሥርዓት አጸና፤ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. አጸደቀችው። ጦር የያዘው አገር ሰው በሥርዓት ሳይዳኝ አይቀጣም፤ ከአገሩም በግዳጅ አይጋዝም፤ ሴቶችም ክብራቸውን ከሚነካ ግፍ ይጠበቃሉ። ክሱም ለተከሳሹ በሚያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ይነገረዋል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል በውጫሌ የተጻፈው ውል፥ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፥ በኢጣሊያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ መገኘቱ ምን ጣጣ እንዳመጣ እናውቃለንና፥ የዚህ ትእዛዝ ጥቅም ለእኛ ሰፊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጦርነቱ በአንድ አገር ልጆች መካከል የተነሣ እንደ ሆነስ? የዚሁ የጄኔቭ ውል ሦስተኛው አንቀጽ በዚያም ጊዜ ቢሆን መሣሪያ ያልያዘን ሰው መግደልን፥ ማሠቃየትን፥ በመያዣነት መያዝንና ያለ ትክክለኛ ፍርድ ቤት መቅጣትን ይከለክላል። ይህን ልብ እንድንል የሚያስገድደን በ2014 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። በጥቅምት ወር መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች በዚያው መንገድ ወርደው ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ሐይቅና አምባሰልም ከፊት መሥመሩ በስተኋላ ቀሩ። የመንግሥት ጦር ደሴንና ኮምቦልቻን እንደ ገና የያዘው በኅዳር 27 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅትም በኮምቦልቻ ያከማቸው የችግረኛ እህል ተወሰደ። በሰሜን ወሎ በቆቦ ሰላማውያን ሰዎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች ጽፈዋል።

ነገር ግን ሕግ አንድ ዓይና አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ መግለጫ፥ በትግራይ በተደረገው ጦርነት ከተዋጊዎቹ ወገኖች ከበደል የጠራ እንዳልተገኘ አስታውቀዋል። የደሴ እናት ያለቀሰችው ለቅሶና የአክሱም እናት ያለቀሰችው ለቅሶ በሕግ ፊት አንድ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በ270ኛው አንቀጽ በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸመውን ወንጀል ሲቀጣ የማን ወታደር ነው ብሎ አይለይም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወራት እንኳ ሰውን ኢሰብዓዊ በሆነ አያያዝ መያዝ በሕገ መንግሥቱ አልተፈቀደም። ሹመት ያለን ሰዎች ይህን ለሌላው ወገን ብቻ የተጻፈ አድርገን ያነበብነው እንደ ሆነ፥ ሕጉን ገና አላነበብነውም።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባትና እናት ምን ያድርጉ? ፊተኛው ነገር የርስቱን ደብተር፥ የጋብቻውንና የልደቱን ወረቀት ባንድነት ጠቅልሎ፥ ግልባጩንም በሌላ ስፍራ ማኖር ነው፤ ቤት ቢቃጠል መብት አብሮ እንዳይቃጠል። ሁለተኛው፥ በደል የደረሰበት ሰው ነገሩ ከልቡናው ሳይጠፋ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ የጠፋውን ዕቃና ያየውን ምስክር መጻፍ ነው። ማንበብ የማይችል ቢሆን ልጁ ይጻፍለት። በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ እውነተኛ አቤቱታ ቀኑና ምስክሩ ባለመጻፉ ብቻ ወድቆ ይቀራል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። በግፍ የተደፈረች ሴት ብትኖር ቤተ ሰቧ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሐኪም ያድርሳት፤ የኤች አይ ቪን በሽታ የሚከለክለው መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲዠመር ነውና። ኀፍረቱም የበዳዩ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ እርሷን ደብቆ ማኖር በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ ከከሰሰቻቸው ኢጣሊያኖች ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ሰዎችን ሊከሰሱ የሚገባቸው ናቸው ብሎ በ1940 ዓ.ም. ተቀብሎ ነበር። ዳሩ ግን ባገራችን ላይ ስላደረጉት አንዱም ለፍርድ አልቀረበም። ግራዚያኒም በኋላ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ መተባበሩ እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ደም አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ የተወጋው ግን ያረጃል፥ ይሞትማል፤ ከእርሱ በኋላ የሚናገረው ጽሑፉ ብቻ ነው። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሰላም ተፈርሟል፤ በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። «በሕግ አምላክ» ያለው የሐይቅና የአምባሰል ባላገር የተናገረውን ተናግሯል፤ ቆሞ የመስማት ተራ ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጥነው ሰዎች ነው።