የተፈታኝ ምስጢር

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች፣ ተማሪው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጩ። ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው መፈተን ጀመሩ። ፈተና በፖሊስ ታጅቦ ይጓዛል፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የጥያቄውን ምስጢር ለመጠበቅ ይህን ያህል ይደከማል። ከዚሁ ፈተና ጋር የሚጓዝ ሌላም ምስጢር አለ፤ እርሱም የተፈታኙ የግል መረጃ ነው። የጥያቄው ምስጢርነት ፈተናው ሲያልቅ ያበቃል፤ የተማሪው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

ነገሩ አገር ቤት ላለ ወላጅ ብቻ የሚነገር አይደለም። በጁባ ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው ጉዴሌ ልጁን የሚያስተምር ኢትዮጵያዊም ያጋጥመዋል። በደቡብ ሱዳን ተማሪ ከስምንት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ አንድ፣ ከአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሌላ አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳል። ሁለቱም የሚጀምሩት በምዝገባ ቅጽ ነው።

ለመሆኑ የተፈታኝ የግል መረጃ የሚባለው ምንድን ነው? በቅድሚያ የሚታየው ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ፎቶግራፍ፣ ትምህርት ቤትና የመለያ ቁጥር ነው። የእኛ አጠራር ደግሞ የአባትንና የአያትን ስም ስለሚጨምር አንድ ሙሉ ስም ቤተሰብን፣ አንዳንዴም ሃይማኖትንና የትውልድ አካባቢን ይጠቁማል። የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለበት ተማሪ የተለየ ዝግጅት ስለሚያስፈልገው ይህም ይመዘገባል፤ ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ነው። በመጨረሻ መልሱና ውጤቱ ይመጣሉ። ፈተናው በኮምፒዩተር ሲሰጥ ሥርዓቱ ከዚህም አልፎ ተማሪው በየጥያቄው ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛውን መልስ እንደቀየረ ሊመዘግብ ይችላል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ ጉዳዩን የቅርብ ያደርገዋል።

የፈተና ወረቀት ላይ የተጻፈ መልስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። በአየርላንድ አንድ የሒሳብ አያያዝ ሙያ ተፈታኝ ፈተና ወድቆ የመልስ ወረቀቱን ለማየት ጠየቀ፤ ተከለከለ። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የተፈታኙ መልስም፣ አራሚው በወረቀቱ ላይ ያሰፈረው አስተያየትም የተፈታኙ የግል መረጃ ናቸው ሲል ወሰነ። አሜሪካ የተማሪ መዝገብን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ነበር።

በኢትዮጵያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። ዝርዝሩን የያዘው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ገና ወጣት ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ሲሆን አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋና ዋና መርሆቹ ለማንም የሚገቡ ናቸው፦ መረጃ ለታወቀ ዓላማ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠየቅ፣ ትክክለኛ ይሁን፣ ካስፈለገው ጊዜ በላይ አይቆይ፣ ከማይገባው ሰው እጅ አይግባ። ደቡብ ሱዳንም በ2011 እ.ኤ.አ. የሽግግር ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 22 የግል ሕይወት እንደማይደፈር ደንግጋለች፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16 ይህንኑ ለሕፃናት ያረጋግጣል።

መርሆቹ የሚፈተኑት ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን ነው። ድሮ ውጤት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ከነስሙ ይለጠፍ ነበር፤ የወደቀውም ያለፈውም አላፊ አግዳሚ ያነበው ነበር። ዛሬ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤትን በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ያሳያል፤ የሚጠየቀውም የመለያ ቁጥርና የተማሪው ስም ነው። ከሰሌዳው በእጅጉ ይሻላል። ይሁንና የአንድ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር በተከታታይ ሲሰጥ፣ የራሱን ቁጥር የሚያውቅ ልጅ የጓደኛውን መገመት አይከብደውም፤ ስሙንማ ያውቀዋል። ተማሪው ብቻ የሚያውቀው ተጨማሪ የምስጢር ቁጥር ቢኖር ይህ ቀዳዳ ይደፈን ነበር። ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ውጤት እናሳያችሁ የሚሉ፣ ባለቤታቸው የማይታወቅ የቴሌግራም ቦቶችም የሚፈልጉት ይህንኑ ቁጥር ነው።

ታዲያ ሁሉም ይደበቅ ማለት ነው? አይደለም። በጥር 2015 ትምህርት ሚኒስቴር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሲያሳውቅ አገር ደነገጠ። መደንገጡም ተገቢ ነበር። ይህ ቁጥር የአንድም ልጅ ስም ሳይነሳ የትምህርቱን ሁኔታ ገለጠ፤ የተፈታኝ መረጃ ለሕዝብ ጥቅም መዋል ያለበት በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ቁጥርም ቢሆን ገመና ያወጣል። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ በዚያው ጊዜ ተነግሯል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በስሙ ሲጠራ የሰፈሩ ሰው የእያንዳንዱን ተፈታኝ ውጤት አወቀ ማለት ነው፤ ስም ባይጠራም። ስለዚህ በስታቲስቲክስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዘ የሠንጠረዥ ክፍል አያወጡም፤ ከሌላው ጋር ያጣምሩታል ወይም ባዶ ይተዉታል። ጉዴሌ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ተፈታኝ ብቻ ባለው አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት “አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ” ማለት ስሟን ከመጥራት አይለይም።

የጎበዝ ተማሪ ፎቶም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ልጅ ምስል ለማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ ደስታው ቢገባንም ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። በኬንያ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ያወጣ አንድ የናይሮቢ ትምህርት ቤት 4,550,000 ሽልንግ እንዲከፍል ቀጥቷል።

ወላጅ የምዝገባ ቅጹ ሲቀርብለት መጠየቅ የሚገባው ብዙ አይደለም፦ ይህ መረጃ ለምን ተፈለገ? ማን ያየዋል? ፎቶው ሌላ ቦታ ይወጣል ወይ? አንዱን ግን በእጁ ማረጋገጥ አለበት፤ እርሱም የስሙን አጻጻፍ ነው። መረጃን የማስተካከል መብት የዚሁ ጥበቃ አካል ነው። በአማርኛ የተሰየመ ልጅ ስም በጁባ በላቲን ፊደል ሲመዘገብ ጸሐፊው በሰማው መጠን ይጽፈዋል፤ የተጻፈውም በምስክር ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል ከተለያየ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት በምስክር ወረቀቱ የተጠቀሰው ሰው እርሱ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። ስለዚህ ፓስፖርቱን ወይም የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄዶ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው።