መጀመሪያ የሚሠለጥነው ባለቤቱ ነው

እኛ አገር የውሻ ሥራው መጮህ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ገጠር ግን ባለመጮሁ የሚወደድ ውሻ አለ። ከጌታው እግር ሥር ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠመንጃ ሲተኮስ ንቅንቅ አይልም፤ «ሂድ» ሲባል ብቻ ሮጦ የወደቀውን ቆቅ ወይም ዳክዬ በአፉ ይዞ ይመጣና እጅ ላይ ያስረክባል። ሪትሪቨር ይሉታል፤ ፈልጎ አምጪ እንደ ማለት ነው።

ከዝርያዎቹ የታወቁት ሁለት ናቸው። የላብራዶር ቅድመ አያቶች በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሚውሉ፣ መረብና ዓሣ ከቀዝቃዛ ባሕር የሚያወጡ ውሾች ነበሩ። ጎልደን ሪትሪቨር የተገኘው ደግሞ በስኮትላንድ ነው። በኋላ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባሉት ባለርስት እ.ኤ.አ. በ1868 ኑስ የተባለ ቢጫ ውሻና ቤል የተባለች የውሃ ስፓኒየል አዳቀሉ።

አደኑን ይውደዱትም ይጥሉትም፣ የዚህ ውሻ ጥቅም ግልጽ ነው። ጥይት ሁሉ አይገድልም። የቆሰለ ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ የሰው ዓይን አያገኘውም፤ እዚያው ሲሰቃይ ይቆያል። ውሻው ግን በአፍንጫው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ጥርሱንም ሳያሳርፍበት ይዞት ይመጣል። «አፈ ለስላሳ» መሆን ትልቁ ሙያው ነው፤ የተነከሰ ሥጋ ለገበታ አይሆንምና።

ልምምዱ የሚጀመረው ግን በወፍ አይደለም፤ ግማሽ ኪሎ በማይሞላ፣ በሸራ በተሸፈነ ጥቅል ነው። ለቡችላ የተጠቀለለ ካልሲም ይበቃል። ቦታው ጠባብ ኮሪደር ቢሆን ይመረጣል፤ ቡችላው አንስቶ ሲዞር ከባለቤቱ ሌላ መሄጃ የለውም።

የሰው ጥፋት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ቡችላው ደስ ብሎት ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ፈጥኖ ይነጥቀዋል። ቡችላው ምን ተማረ? «ወደ ጌታዬ ከቀረብኩ ያገኘሁትን እቀማለሁ»። በማግስቱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ይቆማል፣ ከዚያ መዞር ይጀምራል፣ ባለቤቱም ያባርረዋል። ለቡችላው ይህ ከመወርወሩ የበለጠ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛ ማን ያምጣ? የሚሻለው ዝቅ ብሎ መጠበቅ፣ ሲደርስ ደረቱን እየዳበሱ ማመስገንና ትንሽ አቆይቶ መቀበል ነው። እንቢ ካለም ማባረር ሳይሆን ዞሮ በሌላ በኩል መሮጥ፤ እሱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ጫማዎን ይዞ ቢመጣም ነገሩ ያው ነው። ጫማው ውድ ነውና ተናደው ይመቱታል። እርስዎ የቀጡት ጫማ በማንሳቱ ነው፤ እሱ የገባው ግን ይዞ መምጣት እንደሚያስመታ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ሥር ገብቶ ያኝከዋል። ሰውን ከውሻ ማነጻጸሬ አይደለም እንጂ፣ በሥራ ዘመኔ የታመመ ልጇን አዘግይታ ያመጣችን እናት የሚያመናጭቁ ባለሙያዎች አይቻለሁ። እንዲህ የተመናጨቀች እናት ለሌላ ጊዜ ፈጥና አትመጣም፤ ጭራሹኑ ትቀራለች።

ሁለተኛው ትምህርት መታገሥ ነው። በተወረወረ ቁጥር የሚሮጥ ውሻ አደን ላይ ችግር ይፈጥራል፤ ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ ከሦስት ውርወራ ሁለቱን ራሱ ሄዶ ያነሳል። ውሻው ተቀምጦ ያያል፣ ባለቤቱ ይመላለሳል። (ለጉልበት ጥሩ እንቅስቃሴ ነው!) ልምምዱም አጭር ይሁን፤ ሳይሰለቸው ማቆም ይገባል። ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ፣ ማለትም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው፣ ድዱ ስለሚያመው ማረፉ ይሻላል። ውሻ እንደ ሰው በላብ ሰውነቱን አያቀዘቅዝም፤ የሚረዳው ማለክለክ ነው። በቀትር ፀሐይ ማሯሯጥ ሊገድለው ይችላል።

ከዚያ ፊሽካው ይመጣል። አንድ ረጅም ድምፅ «ቁጭ ብለህ እየኝ» ነው፤ የተከታተሉ አጫጭር ድምፆች «ና» ናቸው። ውሻው ሲወድቅ ያላየውን ነገር እንዲፈልግ በእጅ ምልክት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ይላካል። እዚህም ፈተናው የሰውየው ነው። ብዙ የሚነፋ ሰው ውሻውን በየደቂቃው ቀና ያደርገዋል፤ አፍንጫው ከመሬት ተነሥቶ ሽታውን ያጣል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ፣ ሽታው ወደ ውሻው እንዲመጣ አድርጎ መላክ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ቦታው ከደረሰ በኋላ ግን ፊሽካውን ከአፍ አውጥቶ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ሽታውን የሚያውቀው ውሻው ነው።

ለቤተሰብ ካልሲ ውርወራው ይበቃል፤ ልጆችም ይወዱታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ግን ከጨዋታው ያስቀድሙ። ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ የግድ ነው።

እኔን በጣም የማረከኝ ደግሞ ይህ ሙያ ከአደን ሜዳ ወጥቶ የገባበት ቦታ ነው። ዛሬ በብሪታንያ እነዚሁ ላብራዶሮችና ጎልደኖች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችን እንዲያግዙ ይሠለጥናሉ። የወደቀ ቁልፍ ያነሳሉ፣ ስልክ ያቀብላሉ፣ ካልሲ ከእግር ያወልቃሉ። ትምህርቱ የሚጀመረው በዚያው አንሥቶ በማምጣት ነው፤ የሚቀበለው እጅም እንዳይነጥቅ ይማራል።