ፖሊሽ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ቀለም ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። በሴሚስተሩ እረፍት ቢቸና ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ አጎቴ ቀይ ዲኤክሱን ሊሸጥ ሲሰናዳ ደረስኩ። ገዥው የሞጣ ሰው ነው። ሞተሯን ወዷታል፤ ቀለሟን ሲያይ ግን ዋጋውን አወረደው። እውነትም ቀዩ ደብዝዞ ሮዝ መስሏል፤ ኮፈኑን በእጅ ሲነኩት እንደ ጠመኔ ጣት ላይ ይቀራል። ሙሉ ቀለም ማስቀባት ደግሞ የሽያጩን ገንዘብ ግማሽ ሊበላ ነው። አጎቴ «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። ያደረግሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

ለመሆኑ ቀለም ለምን ይደበዝዛል? ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች እንጂ የቀለሙን የላይኛውን ንብርብር ትገድለዋለች። ላዩ ላይ አቧራ አለ፤ እሱን በደረቅ ጨርቅ ስንጠርገው ቀለሙን እንጭረዋለን።

ብዙዎቻችን ፖሊሽ የሚያበራ ቅባት ይመስለናል። አይደለም። ውስጡ እጅግ የደቀቀ ፈጊ ዱቄት አለ፤ የሞተውን ንብርብር ፍቆ ያነሳና ከሥሩ ያለው ጤነኛ ቀለም ይታያል። ስለዚህ ፖሊሽ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የጸጉር ዘለላ ይቀጥናል። እሱ ካለቀ መመለሻው ቀለም ቤት ብቻ ነው። የእናንተ መኪና ክሊር ይኑራት አይኑራት ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ፈተግ አድርጉ። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ክሊር የላትም። የአጎቴ ዲኤክስ ጨርቁን ቀይ አደረገችው።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር ተውሼ ሞጣ አንድ አንጋፋ ቀለም ቀቢ ዘንድ ምክር ፍለጋ ሄድኩ። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ብረት መቁረጫ ነው! ቀለሙን ሳይሆን መኪናዋን ነው የምታቃጥላት» አሉኝ። ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ለፖሊሽ ግን ከ1,000 እስከ 1,500 ይበቃል። ፍጥነቱ በጣት የሚመጠን ድሪል ላይ ስፖንጅ መግጠም ለድሃ ኪስ የተሻለ ነው። ስለዚህ የገዛነው አንድ ስፖንጅ፣ ቀላል ፖሊሽና ሰም ብቻ ሆነ፤ ድሪሉ የጎረቤት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ መኪናዋ በብዙ ውኃ ትታጠባለች፤ አንድ ቅንጣት አሸዋ ከቀረ ስፖንጁ ሥር ገብቶ ቀለበት ቀለበት ጭረት ያወጣል። ሁለተኛ፣ ሥራው ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ቀዝቅዞ ነው። ሦስተኛ፣ ጎማ፣ ፕላስቲክና ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። አራተኛ፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞከራል፤ ቀላሉ ፖሊሽ ከበቃ ኃይለኛውን መንካት አያስፈልግም። አምስተኛ፣ አተር የሚያህሉ ሦስት አራት ጠብታዎች ስፖንጁ ላይ አድርጎ ማሽኑ ሳይነሳ ቀለሙ ላይ መለቅለቅ፣ አለዚያ ፊት ላይ ይረጫል። ከዚያ ማሽኑን ሳይጫኑ፣ አንድ ቦታም ሳያቆሙ ማመላለስ። በየመሀሉ ቆርቆሮውን በእጅ ንኩት፤ ከጋለ ማቆም ነው። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። በየጊዜው በኦሞ ካጠባችሁት ግን ሰሙ ቶሎ ይለቃል።

እኔስ? ኮፈኑ ሲያበራ ጊዜ ልቤ አበጠ። በቀኙ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ፕላስተር ሳልለጥፍ ቸኮልኩ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ከሥር ያለው ግራጫ መሠረት ብቅ አለ፤ ጥፍር የሚያህል ቦታ። አጎቴ አየው፣ ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ ይከብዳል።

ገዥው ከሞጣ ሲመጣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀይ ቀለም እንቀባበት?» አልኩት። «ተው» አለና ሰውዬውን ቀጥታ ወደ ፓራፋንጎው ወሰደው። «እዚህ ጋ ልጁ አቃጥሎታል። በሩ ሥርም ዝገት አለ፤ እሱ በፖሊሽ አይድንም» አለው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተነጋገሩ፣ ከፊተኛው ዋጋ ጨምሮ ወሰዳት።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪኖች ላይ የኤክሳይዝ ታክስ ጨምሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ያለችውን መጠበቅ ግድ ሆኗል። ታዲያ ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት ጭረቱን በጥፍራችሁ ዳሱት። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነውና ተዉት፤ ካልያዘ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ጠርዙን ግን አደራ!