ያውቁ ኖሯል? በትውልድ ቦታው ስም የሚጠራ ቡና የሚገኘው ከአሠራር ለውጥ ነው

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ብዙው ቡና መሬት ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ጀንፈል ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በደረጃ ሲመደብም የየቀበሌው ፍሬ ይቀላቀል ነበር። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችሉ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ ምንጩ የታወቀ ቡና የሚሸጥበትን መንገድ አሰፋ።

አነስተኛ የኅብረት ሥራ ማኅበር ምንጩ የታወቀ ቡና ለማዘጋጀት ውድ ማሽን አያስፈልገውም፤ የሥራ አመራሩን መለወጥ ዋናው ነው። ተረካቢው ቀይ እሸት ብቻ ይቀበላል። የእያንዳንዱ ቀበሌ ፍሬ በየራሱ የሽቦ አልጋ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ ቀን ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል። የመጣበት ቦታና ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። ያው ዛፍ ያፈራው ፍሬ እንዲህ ሲያዝ በትውልድ ቦታው ስም የሚጠራ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ሊሆን ይችላል።