እንቅርት ተቀዶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሥራ

በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በጥንት ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ይሰባሰቡባት የነበረች ስመ ጥር የገበያ ቦታ ናት። በዚያን ጊዜ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ለወጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ይሁን እንጂ ያ የተከበረ ጨው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እርሱም አዮዲን ነው። የደጋው አፈርም ቢሆን በዝናብና በጎርፍ ለብዙ ዘመን ሲታጠብ አዮዲኑ አብሮ ስለሄደ የሚያበቅለው እህል ከዚህ ንጥረ ነገር የደኸየ ነው። በጉሮሮ ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያጥራት የጎደለውን ለማካካስ ታብጣለች። እንቅርት የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቀድሞ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ። በ1997 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ የአገሪቱ ሴቶች ላይ የተካሄደ ጥናት ከመቶ 35.8 የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አመልክቷል። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ዳሩ ግን ለዓመታት ያደገና የተቋጠረ እንቅርት ጨው ስለተለወጠ አይጠፋም። ትንፋሽ ሲያፍን፣ ምግብ መዋጥ ሲከለክል ወይም ሌላ ሕመም ሲያስጠረጥር ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ያወጡታል።

ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ሆስፒታል ወጥታ፣ አንገቷን በነጠላ ሸፍና ከመኪና የምትወርድ በሽተኛ ግን ሕክምናዋን ጨርሳ አልመጣችም። የሚቀረው ሥራ የሚፈጸመው በመንደሯ ነው፤ በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዕጢዋ በሙሉ ወጥቷል ወይስ ከፊሉ ቀርቷል የሚለው ነው። መልሱ ከሆስፒታል ስትወጣ በሚሰጣት ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊታይ ይገባል። ከፊሉ የቀረላት ያለ መድኃኒት ልትኖር ትችል ይሆናል፤ ይህንንም የሚለየው የደም ምርመራ ነው። በሙሉ የወጣባት ግን ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ሊቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በየቀኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መዋጥ አለባት።

ትልቁ ችግር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ሲሽር ክኒኑም ያበቃ ይመስላል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚያልቀው ቀስ በቀስ ስለሆነ ያቋረጠችው ሴት ለሳምንታት ምንም ላይሰማት ይችላል። ከዚያ በኋላ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ፣ የመርሳት ጠባይ፣ የወር አበባ መብዛት ይመጣል። ጎረቤት ግን ይህን ሁሉ ከክኒኑ ጋር አያያይዘውም። «ሰነፈች» ተብላ ትታማለች፣ አለዚያም የሰው ዓይን ነው ይባልላታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ጉዳዩ ሳይታወቅ ከቀጠለ አእምሮን እስከ መሳትና እስከ ሞት ያደርሳል።

ሌላው ስሕተት «አዮዲን ያለበት ጨው እየበላሁ ክኒኑ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚለው ነው። አዮዲን የሚጠቅመው ወደ ሆርሞን የምትለውጠው ዕጢ ስትኖር ነው። በሙሉ ለወጣባት ሴት ጨው ክኒንን አይተካም። ከፊሉ ለቀረላት ግን ይጠቅማል፤ በአንድ ማዕድ ለሚበሉት ልጆቿም እንደ እርሷ እንዳይሆኑ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ለከብት የተገዛው አሞሌ ወደ ወጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጣል፤ አይታጠብም፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመራል።

ክኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። በደጋው ቤት ማለዳ የመጀመሪያው ነገር ቡና መሆኑ ይታወቃል፤ ቡና ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። አቦሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊጠብቅ ይገባል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ የካልሲየምና የብረት ክኒን አራት ሰዓት ያህል ተለይቶ ይወሰዳል።

በጾም ቀን ማለዳ መዋጥ የከበዳት ሴት ሐኪሟን አማክራ ማታ፣ እራት ከበላች ሦስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ልትወስደው ትችላለች። ጠበል መጠመቅም ሆነ መጠጣት መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ወደ ጠበል ለሳምንታት የምትሄድ ከስንቋ ጋር ክኒኑን ትያዝ። ነገሩ ቅር ካሰኛት ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት ጥሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሊጠበቅ የሚገባው ሌላ ምልክት አለ። ከታይሮይድ ጀርባ የካልሲየምን መጠን የሚቆጣጠሩ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፤ በቀዶው ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ። በከንፈር ዙሪያና በጣቶች ጫፍ መደንዘዝ ወይም መጠቅጠቅ፣ የእጅ መኮማተር ከታየ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ወተት፣ የዳጉሳና የጤፍ እንጀራ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየም ይሰጣሉ፤ ሰሊጡና ጎመኑ ለጾምም ይሆናሉ። ይሁንና እጇ ለተኮማተረ ሴት ምግብ ብቻ አይበቃም። አንገቷ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው።

ስለ ምግቡ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ለመዋጥ እስኪቀላት ድረስ አጥሚት፣ ሾርባና ገንፎ፣ ከዚያ በኋላ ቤት ያፈራውን ሁሉ ትበላለች። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚባለውም የተቀቀለ ጎመንን አዮዲን ባለው ጨው ለሚበላ ሰው የሚያሰጋ አይደለም። ቁስሉ ላይ ግን ቅቤም ሆነ የተቀጠቀጠ ቅጠል አይደረግም። የውሃ ጀሪካንና የማገዶ ሸክም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይቅርባት፤ በየቤቱ ይህን ሸክም የሚረከብ ሰው ካልተገኘ ጎረቤት ተራ ቢገባ ከባድ አይደለም።

ሁለት ቀጠሮዎች እንዳይረሱ። አንደኛው የወጣው ዕጢ ካንሰር እንዳለበትና እንደሌለበት የተመረመረበት ውጤት ነው። ውጤቱ የሚደርሰው በሽተኛዋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ስለሆነ፣ ካልተጠየቀ ማንም ይዞት አይመጣም። ሁለተኛው የክኒኑ መጠን መስማማቱ የሚታይበት የደም ምርመራ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ይደረጋል። ያረገዘች እንደሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወዲያው ትንገር፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራልና። የጽንሱ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሠራው በእናቱ ሆርሞን ነው።

ለሕክምናው ወጪ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። አጎራባቹ ፎገራ በ2003 ዓ.ም. መድኑ ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። አባልነቱ በየዓመቱ ካልታደሰ፣ ወይም ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ካልተያዘ፣ ከሆስፒታል በር ላይ ክርክር ይነሣል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች መዋጮ በሚሰበሰብበት ወቅት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ቤቶች አስቀድመው ቢያዩ ይህ ይቀራል።

ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መንገድ መጀመር ይገባል። የርብ ወንዝ ሞልቶ በሜዳው ላይ በሚተኛበት ክረምት፣ እንዲሁም መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት ከቤት ማኖር ያስፈልጋል፤ የሚቀመጠውም ከእሳት፣ ከእርጥበትና ከልጆች እጅ ርቆ ነው።