የሥራ ዋጋ በየደረጃው ስለ መከፈሉ

ድልድይ ወይም ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ተሠርቶ አያልቅም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዓመት ለሚፈጅ ሥራ የሚዋዋሉ አሠሪና ተቋራጭ ከዋጋው ልክ ጋራ አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ መቼና በምን መለኪያ ይከፈላል የሚለው ነው።

ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ቢሰጥ፣ ሥራው ከመሠረቱ ሳያልፍ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። ሥራው እስኪፈጸም ምንም ሳይከፈል ቢቆይ ደግሞ፣ ሲሚንቶና ብረት የሚገዛበት፣ ለግንበኛውና ለቀን ሠራተኛው የሚሰጠው ገንዘብ ይታጣል። ከሁለቱም ጉዳት የሚጠብቀው መንገድ የተሠራውን እየለኩ በየደረጃው መክፈል ነው።

አፈጻጸሙም እንዲህ ነው። ተቋራጩ ሥራውን የሚጀምርበትን ቅድሚያ ክፍያ ዋስትና አቅርቦ ይቀበላል። በ2002 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት የግዥ መመሪያ ይህ ገንዘብ ከውሉ ዋጋ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ከዚያም ተቋራጩ የሠራውን በየጊዜው ቈጥሮ ሒሳቡን ያቀርባል፤ መሐንዲሱም በቦታው ተገኝቶ ለክቶ፣ ልክ ሆኖ ሲያገኘው የክፍያ ምስክር ወረቀት ይፈርማል።

ለምሳሌ በአንድ ወር የተሠራው ሥራ 1,000,000 ብር ቢያወጣ፣ ውሉም ለቅድሚያው መመለሻ 30 በመቶ፣ ለመያዣ 5 በመቶ ይቀነስ ቢል፣ ግብሩ ሳይታሰብ ለተቋራጩ የሚደርሰው 650,000 ብር ነው። መያዣውም ሥራው ሲረከብና ጉድለት የሚታረምበት ጊዜ ሲፈጸም ይመለሳል።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ መሠረት ፊርማው ነው። ያልተሠራውን ተሠራ ብሎ የሚፈርም ሰው የሕዝብን ገንዘብ ያጠፋል። የመሠረቱም ብረት በኮንክሪት ከመሸፈኑ በፊት ካልታየ፣ ከተሸፈነ በኋላ የሚጻፈው ቍጥር ግምት እንጂ ልክ አይደለም።

የተሠራውንም እያየ ፊርማውን የሚያዘገይ ሰው ጉዳቱ ከዚህ አያንስም። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው የግንባታ ውል ደንብ፣ መሐንዲሱ ሒሳቡና ማስረጃው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ምስክር ወረቀቱን እንዲሰጥ፣ አሠሪውም ሒሳቡ ለመሐንዲሱ በደረሰ በ56 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ተጽፏል። ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ሲያድር ግን አስቀድሞ የሚራበው ድንጋይ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው። ተቋራጩም የዘገየበትን ኪሣራ በሚመጣው ጨረታ ዋጋው ላይ ስለሚጨምር፣ ዕዳው ዞሮ በመንግሥት ላይ ይወድቃል።

በምእመናን መዋጮ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩ የሰበካ አስተዳዳሪዎችም ይህንኑ ሥርዓት ቢከተሉ ይጠቀማሉ። በየወሩ መለካት ቢያስቸግራቸው፣ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲከደን፣ ማጠናቀቂያው ሲፈጸም የሚከፈለውን ለይተው አስቀድመው በውሉ ያጽፉ። ከዚያ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚፈርደው ጽሕፈቱ ይሆናል።

በእውነት መለካትና በጊዜው መክፈል ሁለቱም ዕዳ ናቸው። አንዱ ሲጐድል ሌላው ብቻውን ሕንፃውን አያቆመውም።