የጌም ኮምፒዩተር ማሻሻል በላስታ ደጋ

የጌም ኮምፒዩተርን ማሻሻል ማለት ሙሉ ማሽኑን ሳይጥሉ አቅም ያነሰውን ክፍል ለይቶ በተሻለ መተካት ነው። የእጅ ሥራው ለጀማሪ አይከብድም፤ አንድ ባለ መስቀል ካቻቪቴና ትዕግሥት ይበቃዋል። የሚያስቸግረው የትኛው ክፍል ይቅደም የሚለው ነው። ለጀማሪ በብዛት የሚሰጠው ምክር መጀመሪያ ግራፊክስ ካርድ እንዲገዛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ ግን ከካርዱ በፊት መብራቱ፣ አየሩና መንገዱ ይታሰባሉ።

በአገራችን ገበያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዴስክቶፕ ለጌም የተሠራ አይደለም፤ በውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ነው። ይህ ጉዳት የለውም፤ እነዚህ ማሽኖች ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተሳስቶ መግዛት ዛሬ ከባድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ መታወቅ አለበት።

ይህን ማወቅ በነጻ ይቻላል። ጨዋታው እየሄደ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ጌሙ ቆም ቆም በሚልበት ቅጽበት ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የዲስክ ነው። ሜሞሪው ሞልቶ ከሆነ ራም አንሷል፤ ፕሮሰሰሩ እያረፈ ግራፊክሱ ብቻ ከተጨናነቀ ካርድ ያስፈልጋል። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የራሙን ዓይነትና የማዘርቦርዱን ሞዴል ይነግራል።

የመጀመሪያው ወጪ የኤሌክትሪክ መከላከያ ቢሆን ይመረጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች፤ መቆራረጥ ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። ለኮምፒዩተር ክፉው ሰዓት መብራት የሚጠፋበት ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የሚመጣበትም ነው፤ ያኔ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ስታብላይዘር መዋዠቁን ያስተካክላል፤ ዩፒኤስ ደግሞ ጨዋታውን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ በተግባር የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ዋት መቁጠር ያሳስታል። ተራ ዲቫይደር ከሁለቱ የአንዱንም ሥራ አይሠራም።

ቀጥሎ ዲስኩ ይመጣል። የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚያነብበት ጫፍ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ እንዲሠራ የሚወስኑት ለዚህ ነው። ላሊበላ ከወሰኑ በታች ናት፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ወዳለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወጣው አገር ያሉ መንደሮች ግን ሊያልፉት ይችላሉ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታውም ንዝረቱም አይነካውም። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል። በጨዋታ መሃል የሥዕሉን ፍጥነት ባይጨምርም ዊንዶውስ ለመነሣትና ጌሙ ለመከፈት የሚወስደውን ረጅም ጥበቃ ያሳጥራል።

ራም ማስገባት ለጀማሪ ምርጥ መለማመጃ ነው። ጂቲኤ 5 በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ሲወጣ የተመከረለት 8 ጊጋባይት ነበር፤ ዛሬ ለአዳዲስ ጌሞች 16 ቢሆን ይሻላል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይተካኩም፤ የመግቢያቸው ቁርጥ ቦታው የተለያየ ነው። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ማስገባት ፍጥነት ይጨምራል፤ በተለይ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ለሥዕልም የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ገመዱ ይነቀላል፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። በደጋው ደረቅ በጋ የሱፍ ሹራብ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማልና ማውለቅ፣ ከዚያም ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት መንካት ያስፈልጋል። የማስገቢያው ጆሮዎች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ የራሙ ቁርጥ ከማስገቢያው ጉብታ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ጫፎች በአውራ ጣት እኩል ሲጫኑ ጆሮዎቹ «ቀጭ» ብለው ራሳቸው ይዘጋሉ። ካልዘጉ ራሙ አልገባም፤ በኃይል ከመግፋት አውጥቶ አቅጣጫውን ማየት ነው።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኦፕቲፕሌክስ 9020 ብንወስድ፣ ቀጭኑ ኬዝ የሚይዘው ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሳፕላዩ 255 ዋት ሲሆን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ እንደ ተለመደው ባለ 24 ሳይሆን ባለ 8 እግር ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ሌላ በቀጥታ አይገጥምለትም። የካርድ ማስገቢያ በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉት አጫጭሮቹ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 1650 ለእንዲህ ያለ ማሽን ይስማማሉ። ማሽን ገና ያልገዛ ሰው ግን ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 9020ን በይፋ አይቀበልም።

ካርድ ሲጨመር ሙቀት ይጨምራል። በላሊበላ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ ይህን በከፊል ይክሳል፤ አቧራ ግን መልሶ ያበላሸዋል። በበጋ በየጥቂት ወሩ ኬዙን ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል፤ አየር ሲነፋበት ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል። ዓመታት ባስቆጠረ ማሽን ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ተርማል ፔስት በአልኮል ጠርጎ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ ማድረግ በርካሽ ዋጋ ሙቀቱን ያወርዳል።

ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያና በጋሸና ዞሮ የሚመጣ ማሽን ረጅም መንገድ ይንገጫገጫል። ከባድ ግራፊክስ ካርድ ተነቅሎ ለብቻው ቢጠቀለል ማስገቢያው አይሰበርም። የካርዱ ድራይቨርና የዊንዶውስ መጫኛ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፍላሽ ተይዘው ቢመጡ መልካም ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ሳይዝ የመጣ ሰው ካርዱን ሰክቶም ሊጠቀምበት አይችልም ነበር።

ክፍሎቹ የሚገቡት አንድ በአንድ ነው፤ ራሙ ገብቶ ማሽኑ ተሞክሮ ሲሠራ ወደ ካርዱ ይታለፋል። ማሽኑ ካልተነሣ መጨረሻ የገባው ክፍል ወጥቶ እንደገና ይሰካል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በደንብ አለመግባት ብቻ ነው።